እናቴ የፈተለችው የመጨረሻ ጥጥ

የጎረቤቴ የሸማኔው መወርወሪያ ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር ወደ አንኮበር፣ ወደ ሰባት ዓመቴ እመለሳለሁ።

በዚያ ዓመት ፈንጣጣ ገብቶ እናቴን ገደለ፤ ሸማኔ የነበረውን አባቴን ደግሞ ሁለት ዓይኑን አጠፋው። ጎረቤቶች «ከእንግዲህ ምን ሊሠራ ነው?» ሲባባሉ፣ እሱ አንድ ጠዋት ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄዶ ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። እናቴ ከመታመሟ በፊት የፈተለችውን ክር አቀበልኩት። ሲበጠስበት በከንፈሩ እየፈለገ ይቀጥለዋል። ስንት ቀን እንደለፋ እንጃ፣ ጋቢው ሲያልቅ «ልጄ፣ ቀጥ ብሏል?» አለኝ።

ጠርዙ ጠማማ ነበር። «ቀጥ ብሏል፣ አባባ» አልኩት።

በጣቶቹ ዳሰሰውና ፈገግ አለ። ከዚያ ተርትሮ እንደገና ሠራው። ሁለተኛው በእርግጥም ቀጥ አለ፤ እሱ ግን ያንንም ሊተረትር ጫፉን ፈለገ።

«አሁንማ አምሯል! ለምን ይፈርሳል?» ብዬ አለቀስኩ።

«ይህ ካለቀ እኮ ከእናትሽ እጅ የምነካው ነገር አይኖረኝም» አለኝ።

ክሩ ማለቁ ያሳሰበው መስሎኝ «ሌላ እንገዛለን» አልኩት። ጋቢውን አለበሰኝና ግንባሬን ሳመኝ።

ከዚያ በኋላ ለሰው እየሸመነ አሳደገኝ። ያ ንግግሩ የገባኝ ግን ባሌን ቀብሬ በተመለስኩ ማግስት፣ ያደፈ ኩታውን ላጥብ አንስቼ ሳላጥበው መልሼ ሳስቀምጠው ነው።