ደህና ሸርጣን፣ እብድ ሸርጣን

በዚያች ደሴት ላይ ሸርጣን አጥምደው የማያውቁ ወንዶች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ቄሱ ዶን ሲስቶ ናቸው፤ እሳቸው ከተራራ አገር የመጡ ስለሆኑ ማንም አይፈርድባቸውም። ሁለተኛው ፀጉር ቆራጩ ኦሊንዶ ነው። ኦሊንዶ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የነካው ውሃ የመላጫ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ ደግሞ እውነት ነው። ጀልባ ላይ ሲወጣ ሆዱ ይገለበጣል። ቬኒስ ድረስ ለመሄድ እንኳ የሕዝብ ጀልባው መሃል ላይ ምሰሶ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጓዘው።

የደሴቲቱ ሰው የሚኖረው በሸርጣን ነው፤ ግን በማንኛውም ሸርጣን አይደለም። ብርዱ ሲያልፍ ሸርጣን አሮጌ ቅርፊቱን ያወልቅና ለጥቂት ሰዓት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። በዚያች ሰዓት የተያዘውን በእንቁላል ነክረው ይጠብሱና ከነእግሩ ይበሉታል። ጥበቡ ታዲያ ሊያወልቅ የተቃረበውን አስቀድሞ ማወቅ ላይ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ የሚያወልቀው «የደረሰ» ይባላል፤ ሳምንታት የሚቀሩት «ደህና»፤ ዘንድሮ ጨርሶ የማያወልቀው ደግሞ «እብድ»። እብድ ወደ ውሃው ይመለሳል። ሌሎቹ ውሃ ውስጥ በተንጠለጠሉ የእንጨት ሳጥኖች ተለያይተው ይቀመጣሉ። እብዱ በስህተት ከደረሱት ጋር ከገባ ግን ጎረቤቶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ራቁታቸውን እስኪቀሩ ይጠብቅና አንድ በአንድ ይበላቸዋል። ጠዋት ሳጥኑን የከፈተ ሰው አንድ የጠገበ ሸርጣንና ብዙ እግር ያገኛል።

ይህን በመለየት ሽማግሌውን አጥማጅ ቶዳሮን የሚያህል አልነበረም። ከሸርጣኑ ሆድ ዳር ከፀጉር የቀጠነች መስመር አለች፤ ቶዳሮ ሸርጣኑን ገልበጥ አድርጎ አንዴ ያያትና ይወረውረዋል። ወሬውን እንኳ አያቋርጥም። ዘንድሮ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሳጥኖቹ በተከፈቱ ቁጥር እግር ብቻ ሆኑበት።

ሴት ልጁ ኔሪና የምትኖረው ከውሃው ማዶ ሜስትሬ ከተማ ነው። ወሬው ሲደርሳት አልቅሳ አንድ ነገር ደመደመች፤ ዕድሜውን ሙሉ ሳይሳሳት የኖረ ሰው ድንገት እንዲህ ከሆነ አእምሮው ሄዷል ማለት ነው። ስልክ ደውላም ነገረችው። ቅዳሜ መጥታ ሳጥኑን ራሷ ትከፍታለች። አሁንም እግር ብቻ ካገኘች ጀልባው ይሸጣል፣ እሱም ከእሷ ጋር ሊኖር ይሄዳል። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ነው። ለቶዳሮ ይህ ከመቃብር ይብሳል። የደሴቲቱ መቃብር ቢያንስ ውሃ ያያል።

እውነቱን የሚያውቅ ኦሊንዶ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ቶዳሮ ሊላጭ ገብቶ ማንጠልጠያው ላይ የተሰቀለውን ካፖርት እንደምን አደርክ ብሎት፣ ካፖርቱ ዝም ስላለው ተቀይሞ ተቀመጠ። ኦሊንዶ አልሳቀም። አረፋውን እየቀባው ቀስ ብሎ ጠየቀው።

«ዓይንህ ነው አይደል?»

«ሞራ ነው። ሁለቱም ላይ።»

«ታዲያ ለምን አትታከምም?»

«ሄጄ ነበር። እንሰንጥቀው አሉኝ። ዓይኔን ዓሣ አደረጉት እንዴ?»

«ለኔሪና ንገራታ።»

«ዕውር ነኝ ብዬ? ጀልባውን በማግስቱ ነዋ የምትሸጠው። እብድ ብትለኝ ይሻለኛል። እብድ ቢያንስ ይከራከራል።» ቶዳሮ አንገቱን ከፎጣው አወጣ። «ሰኞ ሱቅህ ዝግ ነው። አብረን እንወጣለን። አንተ ዓይን አለህ፣ እኔ እውቀት አለኝ።»

«ሆዴስ?»

«ሆድህን ቤት ተወው።»

ኦሊንዶ እንቢ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ያ ወንበር ባዶውን ታየው። ቶዳሮ በየማለዳው እዚያ ወንበር ላይ ባይቀመጥ የደሴቲቱ ጢም ሁሉ ምን ያደርግለታል? ፈራ፤ ውሃውን ከሚፈራው በላይ ፈራ። እሺ አለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ ሰኞ ደረሰ። ኦሊንዶ ለባሕር የሚሆን ልብስ ስለሌለው ነጭ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ መጣ፤ የደረት ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያው እንዳለች ነበረች። ወደብ ላይ ያየው ሁሉ ጥርስ ሊነቅል የሚሄድ ሐኪም መሰለው። ቶዳሮ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ያዘ። ጀልባውን የሚነዳው የማያየው ሰው፣ መንገዱን የሚያየው ደግሞ ዓይኑን መጨፈን የሚወደው ሰው ነው። እንደ ምንም መረቦቹ የተተከሉበት ደረሱ። ቶዳሮ በእጁ ልምድ መረቡን እየጎተተ ሸርጣኑን ጀልባው ወለል ላይ ዘረገፈው። ኦሊንዶ ሁለት እግሩን አንስቶ ጉልበቱን አቀፈ። አንዱ ሸርጣን ግን ተንጠላጥሎ አውራ ጣቱን ነከሰው፤ ከሥራ ልማድ የተነሳ ሸርጣኑን ይቅርታ ጠየቀው።

ጉዱ የመጣው ሲመለሱ ነው። ጥልቁ የጀልባ መንገድ በእንጨት ምሰሶዎች የታጠረ ነው፤ ከምሰሶዎቹ ወጣ ያለ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ቶዳሮ ግራ ነው ቀኝ እያለ ይጠይቃል፣ ኦሊንዶ ይመልሳል። ነገር ግን ኦሊንዶ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጆሮ በመስታወት እያየ ነው የኖረው፤ ሲደነግጥ ግራው ቀኝ ይሆንበታል። ግራ አለ። ቶዳሮ ባልንጀራውን አምኖ ወደ ግራ ዞረ። ጀልባው ጭቃው ላይ ወጥቶ ዘና ብሎ ተቀመጠ። የዚያ ባሕር ውሃ በየቀኑ ሸሽቶ የሚመለስ ነውና፣ መሸሽ የሚጀምርበት ሰዓት ነበር።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ያለችኝን አንድ ዓይን ለአንተ ሰጥቼ መጣሁ» አለ ቶዳሮ።

ሰው እንዳይጠሩ ነገሩ ማታውኑ ኔሪና ጆሮ ይደርሳል። ውሃው እስኪመለስ ቁጭ ከማለት በቀር መላ አልነበረም። ከመቀመጥ ብለው ሸርጣኑን መለየት ጀመሩ። ጀልባው መወዛወዝ ስላቆመ የኦሊንዶም ሆድ ረጋ። በዚያ ጠዋት የተደረገ ብቸኛው መልካም ነገር ያ ሳይሆን አይቀርም።

«ገልብጠው» አለ ቶዳሮ። «ምን ይታይሃል?»

«ሸርጣን።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ። መስመር አለ ወይ?»

«አለ። ኧረ የለም። ጢም ሊያበቅል የተነሳ ልጅ ከንፈር ላይ ያለችው ዓይነት ነገር ናት።»

ቶዳሮ አሰበ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዓይኑ ሲያውቀው የኖረውን ነገር በቃል ሰምቶት አያውቅም። እንዲህ ነው ወይ፣ እንዲያ ነው ወይ እያሉ ሲጨቃጨቁ ሰዓቱ ሄደ፤ ሸርጣኖቹም መሰላቸታቸው ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ ኦሊንዶ ተስፋ ቆርጦ የገዛ ሙያውን ተጠቀመ።

«ይኼኛው ዶን ሲስቶን ይመስላል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«አንገቱ ኮሌታውን ሊያፈነዳው ነው። ቁልፉ ከነገ ወዲያ አያድርም።»

«ደርሷላ!» ቶዳሮ ከመቀመጫው ተነሳ። «ቀኝ ሳጥን ውስጥ ክተተው። በእኔ ቀኝ፣ በመስታወቱ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰ። አንዱን ኦሊንዶ መጠጥ ቤት ያላትን ዴሊያን ይመስላል አለው። ዴሊያ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ፀጉሯንም ሐሳቧንም ቀይራ የማታውቅ ሴት ናት፤ ቅርፊቱ እንደ እሷ ፊት ድርቅ ያለ ነበር። እብድ ነው ተብሎ ተወረወረ። ሌላው የፖስታ ቤቱን ሰው መሰለ፤ ነገ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል የሚባል ግን መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ። እሱ ደህና ነው ተባለ። ውሃው ተመልሶ ጀልባውን ሲያነሳው ሳጥኖቹ ውስጥ ሃያ ዶን ሲስቶና አንድ ሙሉ ፖስታ ቤት ነበር። ዴሊያዎቹ ሁሉ በነፃነት ይዋኙ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ኦሊንዶ ግማሽ ፊቱን የተላጨ ሰው ወንበር ላይ እየተወ ሳጥን ሊያይ ይሮጥ ነበር። ዶን ሲስቶ ራሳቸው አንድ ቀን አረፋቸውን እንደተቀቡ ቀርተው ጸሎተ ምሕረት ደገሙ። ኦሊንዶም ሲያስተካክላቸው አንገታቸውን ትኩር ብሎ እያየ መቼ ነው የሚደርሱት እያለ ሲያስብ ራሱን ታዘበ።

ቅዳሜ ኔሪና በቀትር ጀልባ መጣች። አባቷን ስማ፣ ኦሊንዶን ሰላም ብላ፣ ሳጥኑን ከውሃ ጎትታ አወጣችው። ውስጡ እግር አልነበረም። አሮጌ ቅርፊቶች ተበትነዋል፤ በመሃላቸው የለሰለሱት ሸርጣኖች እንደ አዲስ ሙሽራ አፍረው ተቀምጠዋል። ኔሪና አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች አየቻቸው። ደስ ብሏታል፤ ግን ለማመን ፈራች። ያላወለቀ አንድ ሸርጣን አንስታ አባቷ ፊት ያዘችው።

«አባባ፣ ይኼስ?»

ኦሊንዶ ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገና ዶን ሲስቶን ሊላጭ ቀጠሮ እንዳለው ለራሱ አጉረመረመ።

«የደረሰ» አለ ቶዳሮ። «ሰኞ ያወልቃል።»

ልክ ነበር። ከጎረቤት አጥማጅ ሳጥን ሌላ አመጣች። ኦሊንዶ በመመለሻው ዴሊያ ጋ ጎራ ማለት እንዳለበት አስታወሰ። ቶዳሮ እብድ ነው፣ ወርውሪው አለ። ይህም ልክ ነበር። ኔሪና መለስ ብላ ኦሊንዶን አየችው። ከዚያ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አንድ ነገር አወጣችና አባቷ አፍንጫ ሥር ሳይደርስ፣ ክንዷን ዘርግታ ያዘችው።

«ይኼስ?»

የያዘችው ሎሚ ነበር። ኦሊንዶ አፉን ከፈተ፤ ለሎሚ የሚሆን ሰው ደሴቲቱ ላይ ፈልጎ አጣ። ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ የፖስታ ቤቱ ሰው ደብዳቤ እንዳላመጣለት ተናገረ።

ቶዳሮ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ ሎሚውን በክብር መረመረው። «ደህና ነው» አለ። «ግን አትቸኩዪበት። ቅርፊቱን የሚጥለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።»

ኔሪና አልሳቀችም። ሎሚውን ወደ አፍንጫው አስጠጋችለት። ቶዳሮ ሽታው ሲደርሰው ትከሻው ወረደ።

«ሎሚ ይዘሽ መጣሽ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምናልባት ደህና ከሆነ ጠብሰን እንበላለን ብዬ።» የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠችና እንባዋ መጣ። «ወሬውን ከሰማሁ ጀምሮ አእምሮህ ሄደ ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

«አእምሮዬማ እዚሁ አለ ልጄ። ፊትሽ ነው የጠፋብኝ።»

ኦሊንዶ ማበጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተ። ኔሪና በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠርጋ ማን እንደለያቸው ጠየቀች። እኔ አየሁ፣ እሱ አወቀ አላት ኦሊንዶ፤ ስለ ጭቃውም፣ ስለ ዶን ሲስቶ አንገትም፣ ስለ ዴሊያም ሳትጠይቀው ለፈለፈ። እሷ ሁለቱን ተራ በተራ ተመለከተች፤ አንዱ የማያይ ጀልባ ነጂ፣ ሌላው ነጭ ካፖርት ለብሶ አውራ ጣቱን የጠቀለለ ፀጉር ቆራጭ።

«ሁለታችሁም እብዶች ናችሁ» አለች።

ቶዳሮ አንገቱን ቀና አደረገ። «አንቺም የዚህ ደሴት ልጅ ነሽ። እብድ ምን ይደረጋል?»

መልሱ ኔሪና ገና መራመድ ሳትችል የተማረችው ነገር ነው። ውሃውን አየች፣ ጀልባውን አየች፣ በመጨረሻም አባቷን አየች።

«ወደ ውሃው ይመለሳል» አለች። «ግን ዓይንህ ይታከማል። ድነህ ተሽሎህ እስክታይ ድረስ ደግሞ ጋሼ ኦሊንዶ በየቀኑ አብረውህ ይወጣሉ።»

ኦሊንዶ እዚያው ደረቅ መሬት ላይ እንደቆመ ሆዱ ተገለበጠ።