የቀረችው እንሶስላ

ዛሬ መቆፈሪያዬን አንስቼ እጄ አየር ላይ ቀረ። መካነ ኢየሱስ ገበያ ኩንታል ብቻዬን የምሸከመው እኔ!

እህቴ ነገ ታገባለች። በእንሶስላ ሥር የሙሽራ እጅና እግር ማቅላት የእናት ሥራ ነው፣ እናታችን ደግሞ አርፋለች። እጇ ሳይቀላ ከወጣች ሰዎች «እናት የሌላት» ማለታቸው አይቀርም።

«በማዳበሪያ ሞልቼ ባላመጣ ወንድ አይደለሁም!» ብዬ ፎክሬ ከቤተክርስቲያኑ ጫካ ሥር ወንዙ ዳር ወረድኩ።

ድሮ እዛ በእንሶስላ ብዛት መርገጫ አልነበረም። ዛሬ አንዲት ብቻ ቆማለች፣ ነጭ አበባዋን አንጠልጥላ።

ውሃ ሊቀዱ የወረዱ እማሆይ አዩኝ። «ምን ትጠብቃለህ ጎረምሳው? ሁሉም እንዲህ ከነሥሯ እየነቀለ ነው የጨረሳት» ብለው ወረፉኝ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። «አንዲት ናት የቀረችው። ልንቀላት?»

ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ።

«ተዋት ወንድም ዓለም» አለችኝ። «ዘሯን ትጣል።»

ነገ እህቴ እጇ ሳይቀላ ትዳራለች። እናት የሌላት የሚል ካለ መጀመሪያ እኔን ያናግር።

እናንተ አገርስ እንሶስላ አለች? ያያችሁ ጻፉልኝ። ዘሯን ለመልቀም ስማዳ ድረስም ቢሆን በእግሬ እመጣለሁ።