ሰም ያለበት ማር

በስልክ ገበያ ማር መሸጥ ከጀመርን ወዲህ ከገዢው ይልቅ የሚያሳስቡኝ ማሩን የሚሰጡን የዳሪሙ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጊዜ አንዲት የአዲስ አበባ ገዢ «ሰም አለበት» ብላ የምንሸጥበት ገጽ ላይ ጻፈች። ልጄ «ደውይላቸው» አለችኝ። እንዲህ ያለውን በስልክ ከሰሙ ተቀይመው ለሌላ ነጋዴ ይሰጡብናል ብዬ ፈራሁ። ከመቱ ወደ ዳሪሙ ተሳፍሬ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ንቡ ጠይቄ በመጨረሻ ነገርኳቸው።

«ሰም ከሌለውማ ስኳር በጥብጠህ ነው ይሉኛል ብዬ እኮ ነው!» ብለው ሳቁ። «ቶሌ፣ እሺ፣ አጥልዬ እሰጣችኋለሁ። ስልክሽ ተበላሽቶ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?»

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ነበረች፤ «ተቀየሙ እንዴ?» አለች። ድምፅዋ ይሰማ ስለነበር ሽማግሌው ስልኩን ተቀበሉኝ።

«አልተቀየምኩም። ሌላ ጊዜም ቅሬታ ሲመጣ እናትሽን ላኪያት» አሏት።