የወልዴ ሃያ አምስት ዶላር

ሰው ለንስሐ አባቱ የማይናገረውን ለእኔ ይናገራል። ወዶ መሰላችሁ? ታክስ ነው የሚያናግረው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ከቅመም ሱቁ ጀርባ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ የሰው ታክስ እየሠራሁ፣ ማን ሚስቱን እንደፈታ፣ ማን በድብቅ ቤት እንደገዛ ስሰማ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ምላሴ መራራ ነው፣ አልክድም። ግን በዚያች ክፍል ውስጥ ለማንም ብዬ ውሸት ጽፌም ተናግሬም አላውቅም፤ የሰማሁትንም አላወጣሁም። የአሥራትን ግን ብቻዬን መሸከም አቃተኝ። ስሞቹን ቀይሬያለሁ፣ ማን ነው እያላችሁ አትልፉ።

አሥራት የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ኑሮው ፓልምስ፣ ሥራው ካልቨር ሲቲ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ። አምስት ዶላር ብትሰጡት ደረሰኝ ካልቆረጠ የማይቀመጥ፣ ለቅሶ ቤት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው። ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ግን ቶሎ አይገባም። መንገድ ላይ ቆሞ ለቀስተኛውን ፓርክ ያስደርጋል። "እዚህ አይሆንም፣ ነገ ጠዋት የመንገድ መጥረጊያው ይመጣል፣ ቲኬት ይሰጡሃል" እያለ። በሎስ አንጀለስ ሰው ሳይቀጣ የሚያለቅሰው በአሥራት ነው እያልን እንስቅ ነበር።

ባለፈው ፌብሩዋሪ ሁለት ወረቀት ይዞ መጣና ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አንደኛው በስልክ ገንዘብ ከሚያስተላልፈው ድርጅት የመጣ ቴን ናይንቲ ናይን፣ የገቢ ማስታወቂያ ወረቀት ነው። ባለፈው ዓመት ስልሳ አንድ ሺህ ዶላር አስገብተሃል ይላል።

"አንተ ሰውዬ፣ የእድሩን አካውንት በራስህ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ያውም ቢዝነስ ብለህ ነው እንዴ የከፈትከው?"

"ሰዉ ደረሰኝ እንዲያገኝ ብዬ ነው፣ እትዬ ሰርክ።"

"ይኸው፣ በሞተ ሰው ነጋዴ አደረጉህ!"

ሳቅሁበት። ይሄ መላ አለው። የዓመቱን ዝርዝር አትሞ መዋጮው የእሱ ገቢ እንዳልሆነ ማሳየት ነው። ገንዘቡን የተረከቡት ቤተሰቦችም "ተቀብለናል" ብለው ቢፈርሙ፣ ድንገት መንግሥት ቢጠይቅ በእጃችን ይኖራል። በዓመቱ የሞቱብን አራት ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ አራት ደብዳቤ። ቀላል ነው አልኩትና ሁለተኛውን ወረቀት አነሳሁ። በስልክ ቁማር ከሚያጫውት ድርጅት የመጣ ነው። ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ዶላር አሸንፈሃል ይላል።

"ይሄ የማን ነው?" አልኩት። የቤተ ክርስቲያን ሎተሪ እንኳ የማይቆርጥ ሰው ነው እኮ!

"የኔ ነው" አለ።

ዝርዝሩን አተምኩት። ገንዘብ ሲላክ አጭር ቃል መጻፊያ ቦታ አለ፤ የእኛ ሰው እዚያ ላይ የሚጽፈው አንድ ነገር ነው። ነፍስ ይማር። ነፍስ ይማር። ነፍስ ይማር። ኦክቶበር ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ እሱ ብቻ ነው። ወልዴ የሞተ ሰሞን መሆኑ ነው። ወልዴ ቫን ናይስ የሚኖር የታክሲ ሹፌር፣ የአሥራት የልብ ጓደኛ ነበር፤ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ፣ ለሚስቱ ለሄራንም መቋቋሚያ ብለን በሦስት ቀን አሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር አዋጣን። የኔም ስም አለበት፤ ሰርክ፣ መቶ ዶላር፣ ነፍስ ይማር። በአራተኛው ቀን ከዚያው ገንዘብ ላይ ሦስት ሺህ ዶላር ወደ ቁማሩ ወጥቷል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ሺሁ ከነትርፉ አርባ አንድ ሺህ አራት መቶ ሆኖ ተመልሷል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሉ የለ? እንደዚያ ሆንኩ።

"ተሳስቼ ነው" አለ አሥራት።

ጣቴን ሦስት ሺሁ ላይ አስቀመጥኩ።

"አይ፣ አውቄ ነው" አለ።

ፓርኪንጉ ጭር ሲል በአምስት በአሥር ዶላር ነበር የጀመረው፣ በራሱ ገንዘብ። "ያን ሰሞን ስልኬ አላርፍ አለች፣ እትዬ ሰርክ። ሰው ነፍስ ይማር ብሎ በላከ ቁጥር ትጮሃለች። ቁማሩም ሲቀናዎት እንደዚያው ነው የምትጮኸው። ወልዴ ሞቶብኝ፣ ስልኬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳሸንፍ የዋልኩ ታስመስለኛለች። ምን ልበልዎ፣ እጄ ሄደ።"

"የመቶ ዶላሬን አስይዘህ ነዋ የተጫወትከው! ወይ ጉድ! አንተ ርጉም!"

"ሳንቲም አልጎደለም። አስከሬኑ ሄደ፣ የተረፈውን ለሄራን አስረከብኩ። ያሸነፍኩትንም ንክች አላደረግሁትም። ማንም አልተጎዳም።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?"

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ወልዴ ወርኃዊ መዋጮውን፣ ሃያ አምስት ዶላር፣ በየወሩ በሦስተኛው ቀን በራሱ እንዲላክ አድርጎት ነበር። ቀልደኛ ስለነበር ከሥሩ የሚወጣውንም ቃል አንዴ ጽፎ ትቶታል። የባንክ ሒሳቡ ከሄራን ጋር የጋራ ስለሆነ ሲሞት አልተዘጋም። ኖቬምበር ሦስት፣ ዲሴምበር ሦስት፣ ጃንዋሪ ሦስት፣ ፌብሩዋሪ ሦስት፤ ወልዴ ሃያ አምስት ዶላር ልኮልዎታል። ከሥሩ፦ "ይኸው ከፍያለሁ፣ ስሞት እንዳትክደኝ።"

 በሕይወቱ ሳለ ስንት ጊዜ ስቀንበታል!

"ሦስተኛው ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ የለኝም" አለ። "ስልኩን መኪና ውስጥ ትቼው እገባለሁ። እዚያም ሆኖ ይሰማኛል።"

"ሄራንን ንገራታ።"

"ብነግራት እድሩ ይፈርሳል። ከዚህ ወዲያ ማን አምኖ ያዋጣል?"

እውነቱን ነው። ነገር ግን ነድጄ ነበር። "ስማኝ" አልኩት፣ "መንግሥት ስንት አገኘህ ይላል እንጂ በማን ሬሳ ተጫወትክ አይልም። እሱን እጽፍልሃለሁ። ግን ሄራን ሙሉውን ተቀብያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ልትፈርምልህ ነው። ሳትነግራት ምርቃቷን ከተቀበልክ እኔ ታክስህን ፋይል አላደርግልህም። ሌላ ፈልግ።" ሥራዬ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመቶ ዶላርሽ ንዴት ነው ብትሉኝም አልጣላችሁም።

ማርች ላይ ሄራን የወልዴን የመጨረሻ ታክስ ልታሠራ መጣች። አሥራትንም በዚያው ሰዓት ቀጠርኩት፣ ሆን ብዬ። የመቀበያ ደብዳቤውን በእጇ ጽፋ ነበር ያመጣችው፤ ልታነብልን ጀመረች። "ጋሼ አሥራት ከወንድም በላይ ሆነው" የሚለው ላይ ስትደርስ፣ አሥራት "ይብቃሽ፣ አታንብቢው" አላትና ኮፍያውን እያየ ሁሉንም ነገራት።

ሄራን አላለቀሰችም። ከሱቁ በኩል ሰው በርበሬ ሲያስመዝን ይሰማናል። ከዚያ ሃያ ዓመት ጋሼ፣ እርስዎ ስትለው የኖረችውን ሰው፣ "ተበልተህ ቢሆንስ ኖሮ?" አለችው።

ደብዳቤውን ሁለት ላይ አጠፈችው።

"ወልዴ እኮ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ሱፉን ይዤ ሄጄ፣ ነገ ነይ ብለውኝ ተመልሻለሁ፣ በዚያው ቀን። ተበልተህ ቢሆን ምን ልትለኝ ነበር?"

"እንጃ" አለ አሥራት። "ያሸነፍኩት አለ፣ ሁሉም ያንቺ ነው። ውሰጂው፣ በእመቤቴ።"

"ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም ቤቴ አትገባም!" ብላ ተነሳች። ደብዳቤውን ግን አልቀደደችውም፤ ፈርማ ጠረጴዛዬ ላይ ተወችው። በሩ ጋ ዞር ብላ፣ "መቀበሉን ተቀብያለሁ። ለእድሩ ስል ለማንም አልናገርም" አለችኝ።

ፋይል አደረግሁለት። ፌዴራሉም ካሊፎርኒያም ድርሻቸውን ወሰዱ። የተረፈው እስካሁን ባንክ ተቀምጧል፤ የሚፈልገው የለም። በወሩ መጨረሻ በእድሩ ስብሰባ ላይ አሥራት ተነስቶ ደክሞኛል፣ አውርዱኝ አለ። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ "ካንተ ወዲያ ማን ይታመናል?" ብሎ እንደገና መረጠው። ሄራን ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እሷም እጇን አወጣች። ይቅር ብላው ይሁን፣ እዚያው ታስሮ ይቅር ብላ ይሁን እስከዛሬ አላወቅሁም። እኔም አወጣሁ፣ ምን ላድርግ?

ኤፕሪል ሦስት ጠዋት አሥራት ከሥራ ቀርቶ መጣ። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ያንን ስልክ መኪና ውስጥ ጥሎ ይሸሽ የነበረ ሰው!

"ወልዴ ጠዋት ነው የሚገባው። ዛሬ ሳልሸሽ ልቀበለው ብዬ ነው" አለኝ።

ደንበኛ ሲገባ ወንበሩን ይለቃል፤ ሲወጣ ተመልሶ ይቀመጣል። ምሳ ሰዓት አለፈ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አንዱ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ ሌላው የሌላ ሰው መዋጮ። በጮኸ ቁጥር እየዘለለ ያነሳዋል፣ አይቶ ቀስ ብሎ ያስቀምጠዋል። አንጀቴን በላው። ስናደድበት የከረምኩት ሁሉ ከየት እንደመጣ ጠፋኝ።

ልዘጋ ስል፣ "ሄራን አቋርጣው ይሆን እንዴ?" አለኝ።

ሄራን ማርች ላይ ከቢሮዬ በወጣች በማግሥቱ ደውላልኝ ነበር። ይሄ በወልዴ ስም በየወሩ የሚወጣ ገንዘብ እንዴት ነው የሚቆመው ብላ ጠየቀችኝ። የቱን ከፍታ የቱን እንደምትነካ አንድ በአንድ የነገርኳት እኔ ነኝ።

"ባንክ አይደል?" አልኩት። "አንዳንዴ ይዘገያል።"

"እውነትዎን ነው" አለና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገ። "እንግዲያው ትንሽ ልጠብቀው።"