ጸሎት የመሰላቸው የእንግሊዝኛ ልምምዴ

ዛሬ እዚህ ሰው አገር፣ ፒኮ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት የማላውቃቸው ሐበሻ እናት ትከሻዬን ይዘው ጮክ ብለው «አሜን!» አሉ።

እኔ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እያነበነብኩ እንግሊዝኛ እየተለማመድኩ ነበር። መኖር «ሊቭ»፣ መልቀቅም «ሊቭ»። አንዱ አጠር፣ አንዱ ረዘም ይላል አሉ። ለእኔ ጆሮ ሁለቱም ያው ናቸው!

ነገ ለነርስ ላይሰንስ፣ ማለትም ለሥራ ፈቃዱ፣ የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተና አለብኝ፤ ሁለቴ ወድቄያለሁ። አዲስ አበባ ስንት በሽተኛ ያስታመምኩ ሴት በአንድ ድምፅ ልቅር?

እውነቱን ልነግራቸው ስል «በልሳን ስትጸልዪ ደረስኩ የኔ ልጅ፣ ጌታ ሰምቶሻል» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። «አሜን» ብዬ ፌርፋክስ ፌርማታ ላይ ወረድኩ።

ይሄን ፈተና ያለፋችሁ፣ እባካችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ። ጌታማ ይሰማኛል፣ አማርኛም ይችላል። የጨነቀኝ ፈታኟ ናት።