በጨዋታ ቀን የመጡ ሽማግሌዎች

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ እዚሁ አትላንታ፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ ያ ቦታ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚገባበት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ወላጅ ተጋብዟል ብላ ወሰደችኝ። ኮት ለብሼ ሄድኩ፣ ሞኝ።

ያገኘሁት ምን መሰላችሁ? ገና በጠዋቱ የመኪና ማቆሚያው በሥጋ ጭስ ታፍኗል። የልጅ ልጅ ያየ ሰው ፊቱን ቀይ ተቀብቶ፣ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ኳስ ቡድን ምልክት የሆነው የውሻ ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሶ ይጮሃል። መጮህ ስል እንደ ሰው አይደለም፣ እንደ ውሻ ነው። አንዱ ሲጮህ ሌላው ከወዲያ ይመልስለታል። እኛ አገር ሰውን ውሻ ብትለው ዳኛ ፊት ያቆምሃል፤ እነዚህ ትኬት ቆርጠው ውሻ ይሆናሉ። ጎረምሶች ባዶ ሆዳቸው ላይ አንዳንድ ፊደል ጽፈው ተደርድረዋል። እኔ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልምና ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። መሃል ያለው ቢራ ሊያመጣ ሄደና ቃሉ ተበተነ።

"ፊደል የተሠራው ለዚህ ነው እንዴ?" አልኳት ልጄን።

"አባዬ፣ ፈን ነው እኮ። ሪላክስ አድርግ" አለችኝ። ዞር ብዬ ሳያት ጉንጯ ላይ ትንሽ ውሻ ለጥፋለች።

ይሄ በሽታ ተመርቃ ሥራ ከያዘችም በኋላ አልለቀቃትም። በኋላ አንድ ልጅ ሽማግሌ ሊልክብኝ እንደሆነ በእናቷ በኩል ሰማሁ። እሱም እዚያው የተማረ፣ እዚያው የሚጮህ ነው። ቅዳሜ ይምጡ አልኩ።

ልጄ በማግስቱ ደወለች።

"አባዬ፣ ሳተርደይ አይሆንም። ጌም ዴይ ነው።"

"የማን?"

"የኛ ነዋ። ሰንደይ ብታደርገው ምን አለበት?"

"ለኳስ ብዬ ቀን አልቀይርም" አልኩና ዘጋሁት። በሆዴ ያሰብኩት ሌላ ነው። የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ወጉ ነው። እመልሳቸዋለሁ። ልጁ ከኳሱና ከልጄ የቱን እንደሚያስቀድም ሳላይ ቃሌ ከአፌ አይወጣም።

ቅዳሜ አትላንታ ዳር ኬኔሶ ያለው ቤታችን ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አንድ ፀጉራቸው የነጣ አባትና የልጁ አጎት። ኩታ ደርበዋል። መንገዱ ቀይ ባንዲራ ባውለበለበ መኪና ተዘግቶ ስለነበር አርፍደዋል። ሳሎን ገብተው ቆሙ።

"ተቀመጡ እንጂ።"

"የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ ትልቁ ሰውዬ። "ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ደጅ ልንጠና ነው የመጣነው።"

"ልጃችሁ የት ነው?"

"መቼም ወጉን ያውቁታል። ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም።"

"ወጉንስ አውቃለሁ። የት ነው ያልኩት?"

ትልቁ ሰውዬ አጎትየውን አዩት። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። "ስታዲየም" አለ።

ደሜ ፈላ። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጨነቃል፣ ይጸልያል። ይኼኛው ፊቱን ቀብቶ ይጮሃል። ያለኝን ሁሉ አወረድኩባቸው። ሐበሻ ለቅዳሴ ያረፍዳል አልኩ፣ ለቀብር ያረፍዳል፣ ለኳስ ሲሆን ግን ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ፓርክ ያደርጋል። አጎትየው ፍጥጥ ብሎ ይሰማኛል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ነገሬ ልቡን ነካው ብዬ ይበልጥ ቀጠልኩ። የዘነጋሁት፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ መቀመጤን ነው። ጎረቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ትልቅ ቴሌቪዥን ጋራዡ ውስጥ አቁሞ ጨዋታውን ሊያሳያቸው ዘመዶቹን ሰብስቧል።

"ስለዚህ የእኔ መልስ" ብዬ ሳልጨርስ፣ አጎትየው ሁለት እጁን ሽቅብ ወርውሮ "እሰይ!" አለ።

ባለቤቴና የጠራቻቸው ሴቶች ወጥ ቤት በር ላይ ተለጥፈው የሚጠብቁት ይህችኑ ድምፅ ነበር። እልልታውን ለቀቁት። ትልቁ ሰውዬ ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም፤ ብቻ እልልታ ሰምተው "እግዚአብሔር ይስጥልን" አሉና ተቀመጡ። የተቀመጠ ሽማግሌ ማን ያስነሳል? ዞሬ ሳይ ጋራዥ ሙሉ ሰው ይዘላል።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት አጎትየውን።

"አመለጠኝ ጋሼ። ተችዳውን ነበር፤ እንደ ጎል በሉት።"

ባለቤቴ ከወጥ ቤት እየሳቀች ወጣች። ፊቴን ስታይ ሳቋ ቆመ። "እሺ አላልክም እንዴ?"

"ያለው ኳሱ ነው" አልኩ። "እልልታችሁን መልሱ አልላችሁም። የእኔን ቃል የምሰጠው ግን ልጁ አሁኑኑ ከዚያ ወጥቶ፣ ጨዋታው ሳያልቅ እዚህ ፊቴ ሲቆም ነው። ካልመጣ ልጄን አልሰጥም።"

ልጄ ከእናቷ ኋላ ብቅ አለች። "አባዬ፣ ገና ሰከንድ ኳርተር ነው እኮ፤ ግማሹም አላለቀ።"

"ለዚህ ነዋ አሁን ያልኩት።"

ስልኳን ይዛ ጓዳ ገባች። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

መጣ። ሰው ሁሉ ጨዋታው ላይ ስለነበር መንገዱ ባዶ ሆኖለት መጣ። ደረቱ ላይ ያው ውሻ አለ። ፊቱን መኪና ውስጥ ጠርጎታል፣ ከጆሮው ሥር ግን ቀዩ ቀርቷል። ትኬት ነበረኝም፣ ይቅርታም ሳይል ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ። እንዲህ እንዳለ ጎረቤቴ ጋራዥ ጩኸት ፈነዳ፤ ከመጀመሪያው የባሰ፣ ዘለግ ያለ። አጎትየው ከወንበሩ ብድግ አለ። እኔ የልጁን አንገት ነበር የማየው። ተገተረ፤ ሥሩ ተነሣ። ስለዚህ ልጅ ብዙ የምለው አለኝ፣ ወደፊትም እላለሁ፣ አንገቱ ግን አልዞረም።

የዞረችው ልጄ ናት። መስኮቱ ጋ ሄዳ መጋረጃውን ገልጣ በእግሯ ጣት ቆመች።

ምርቃቴን ለእሱ ማጅራትና ለእሷ ጀርባ ተናገርኩ። አሜን ያለው እሱ ነው።