የስፖርት መኪናዋ ዘይት

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ሳለኝ ነው። አንድ ረፋድ ላይ አንድ የድሬዳዋ ልጅ የስፖርት መኪናውን እያስጓራ መጣ።

«ኡስታ፣ ከተማም እነዳታለሁ፣ እወዳደርባታለሁም። የትኛው ዘይት ይሻላታል? ብቻ ቶሎ በልልኝ።»

«ከማን ጋር ነው የምትወዳደረው?»

«ከሰዓት ጋር።»

የዘመናት ምኞቴ ነበር እንዲህ ያለ ደንበኛ! አሮጌውን ዘይት አፈሰስኩና ሙቀት የሚችል ቀጭን ዘይት አነሳሁ። ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው፣ እጄን ያዙኝ።

«በዚህ ሐሩር ቀጭን ዘይት ውሃ ነው የሚሆነው! ወፍራሙን አድርግለት።»

«ጋሽ ታደሰ፣ ይቺ እኮ የጭነት መኪና አይደለችም!»

እሳቸው ወይ ፍንክች፣ እኔም እንደዚያው። ልጁ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ጫት ሻጭ ሴቶች እየተንጨረጨሩ ገቡ። አንደኛዋ የልጁን መኪና አይታ ጭንቅላቷን ያዘች።

«የሰፈሩ ጫት ከከተማ ውጭ፣ ፔካ 12 ላይ ፀሐይ እየጠበሰው ነው! ጫታችንን የምታመጣልንን መኪና የፈታሃት አንተ ነህ?»

የዕለት ጫታቸውን የሚጠብቁት ጋሽ ታደሰ ይህን ሲሰሙ ዘይቱን ከእጄ መንትፈው ሞተሩ ውስጥ ያንቆረቁሩት ጀመር፤ ቀጭኑን!

«ምን ታፈጣለህ?» አሉኝ። «ይሄኛው ቶሎ ይወርዳል!»